በቡና አብቃይ አካባቢዎች የዓሣ ጫጩት ማራቢያ የግንብ ገንዳ አሠራር

ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

1. መግቢያ

በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒና በአካባቢያቸው የሚገኘው ቡና አምራች ገበሬ ለዓሣ እርባታ የሚሆን ውኃ አላጣም። ቴፒ ከባሕር ጠለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በዓመት የምታገኘውም ዝናብ ከ1500 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ምንጩና ጅረቱ ብዙ ነው። ቆሮሶ የተባለው ዓሣ በባሮ ወንዝ በተፈጥሮው የሚገኝ በመሆኑ ለአገሩ እንግዳ አይደለም። የሚስማማው የውኃ ሙቀት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ ውኃው ከ20 ዲግሪ በታች ሲወርድ እድገቱ ይዘገያል። ስለዚህ እንደ ቴፒና በበቃ ያሉ ቆላማ ቦታዎች ከማሻ ደጋ ይልቅ ለዚህ ሥራ የተመቹ ናቸው።

ገበሬው የሚቸገረው በውኃ ሳይሆን በጫጩት ነው። ለኩሬ የሚሆን ጫጩት ከሚገኝባቸው ቦታዎች አንዱ በሰበታ ያለው የዓሣና የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ነው። ከሰበታ እስከ ሚዛን ተፈሪ ያለው መንገድ ግን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጫጩት በፕላስቲክ ከረጢት ታስሮ ይህን ያህል ሲጓዝ ከፊሉ በመንገድ ሊሞት ይችላል። የቀረውን አባላት ሲካፈሉት ለያንዳንዱ የሚደርሰው ትንሽ ይሆናል። መፍትሔው ኅብረት ሥራ ማኅበሩ አንድ ጊዜ ጥቂት ጤናማ የመራቢያ ዓሦች አስመጥቶ ጫጩቱን እዚያው በአካባቢው ማባዛት ነው።

ለዚህ የሚያገለግል 5 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ ገንዳ ከድንጋይና ከሲሚንቶ እንዴት እንደሚሠራ ቀጥሎ እንገልጻለን። በሥራው ላይ ገንዘብም ዓሣም የሚጠፋባቸው ቦታዎች ሦስት ናቸው፦ ውኃ የሚያሰርግ ግንብ፣ ያልታጠበ ሲሚንቶና መጠለያ የሌለው ገንዳ።

2. ሲሚንቶ ከመግዛት በፊት

የደቡብ ምዕራብ ቀይ አፈር ጥልቅ ነው፤ ውኃም በቶሎ ያሳልፋል። ቡና ሥሩ ውኃ ሲተኛበት ስለማይወድ በዚህ አፈር ላይ ያምራል። ለቡና የተስማማው አፈር በዚያው ጠባዩ ምክንያት ለዓሣ ኩሬ አስቸጋሪ ይሆናል። ቢሆንም ቦታው ሁሉ አንድ ዓይነት ስላልሆነ፣ በተለይ በረባዳ ቦታዎች ሸክላማ አፈር ስለሚገኝ፣ አስቀድሞ መፈተን ይገባል።

የመጀመሪያው ፈተና በእጅ የሚደረግ ነው። ከ50 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት የወጣ እርጥብ አፈር በመዳፍ ድብልብል አድርጎ ወደ ላይ ወርወር አድርጎ መቅለብ ነው። ድብልብሉ ከተበተነ አፈሩ ውኃ አይዝም። ሳይበተን ከቆየ ወደ ሁለተኛው ፈተና ይታለፋል። አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ተቆፍሮ ማለዳ በውኃ ይሞላል። ማታ የጎደለው ተሞልቶ በቅጠል ይሸፈናል። በማግሥቱ ጧት አብዛኛው ውኃ ካለ አፈሩ ይይዛል ማለት ነው።

አፈሩ የሚይዝ ከሆነ አባላት ዓሣ የሚያሳድጉባቸው ሰፋፊ ኩሬዎች ያለ ሲሚንቶ በአፈር ብቻ ቢሠሩ ይመረጣል። ለነዚህ ሲሚንቶ ማውጣት ገንዘብ ማባከን ነው። የጫጩት ማራቢያ ገንዳ ግን የተለየ ነው። ትንሽ ነው፤ በየጊዜው ይጎድላል፣ ይታጠባል፣ እንደገና ይሞላል። ወንዱ ቆሮሶ ደግሞ በወለሉ ላይ ጎድጓዳ ጎጆ የመቆፈር ልማድ አለው። የአፈር ግድግዳ ይህን ሁሉ ለረጅም ጊዜ አይችልም። ስለዚህ አንድ የግንብ ገንዳ ለአንድ ማኅበር ይሠራል እንጂ ለያንዳንዱ አባል እንዲሠራ አንመክርም።

3. የቦታ አመራረጥ

ቦታው ፀሐይ የሚያገኝ መሆን አለበት። በጥላ ሥር የሚሠራ ገንዳ ይቀዘቅዛል፤ ቅጠልም ይሞላበታል። በተለይ ከብርብራ ዛፍ መራቅ ግዴታ ነው። ብርብራ ለቡና መልካም ጥላ ቢሆንም ፍሬው ዓሣ ይገድላል። በልዩ ልዩ የአገራችን ክፍሎች ሰዎች ፍሬውን ወቅጠው ወንዝ ውስጥ በመጨመር ዓሣ ሲያጠምዱበት የኖሩት ለዚህ ነው። ትልቁን ወንዝ የሚያሰክር ነገር በትንሽ ገንዳ ውስጥ ምን ሊያደርግ እንደሚችል መገመት አያስቸግርም።

ውኃው የሚመጣው ከቡና ማጠቢያ ጣቢያ በላይ ካለ ምንጭ ወይም ጅረት መሆን አለበት። ቀይ ቡና ተፈልፍሎ ሲታጠብ ስኳርነት ያለው ዝልግልግ ነገር ከውኃው ጋር ይወርዳል። ይህ ነገር ሲብላላ ውኃውን ያኮመጥጠዋል። የሚያብላሉት ጥቃቅን ነፍሳትም በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ተጠቅመው ይጨርሱታል። ዓሣውም ታፍኖ ይሞታል። ምርጫ ከሌለ ቡና በሚታጠብባቸው ወራት የገንዳው መግቢያ ተዘግቶ መቆየት አለበት። የአረም ወይም የተባይ መድኃኒት መርጫ የሚታጠብበት ጅረትም እንዲሁ አያገለግልም።

መሬቱ ጥቂት ተዳፋት ቢኖረው ይመረጣል። የገንዳው ወለል ከመሬት በታች 90 ሳንቲ ሜትር ስለሚሆን፣ ውኃው ያለ ሞተር ተንቆርቁሮ እንዲያልቅ የማፍሰሻው ቧንቧ ጫፍ ከዚያ ዝቅ ብሎ መውጣት አለበት። የሥራው ወቅት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ቢሆን ዝናቡም ስለሚቀንስ የቡና ለቀማውም ስለሚያልፍ የአባላትን ጉልበት ማግኘት ይቀላል።

4. ግንቡን መሥራት

የገንዳው የውስጥ ስፋት 5 ሜትር በ4 ሜትር ሲሆን፣ የግንቡ ውፍረት 30 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ የሚቆፈረው 5.60 በ4.60 ሜትር ነው። ጥልቀቱ በመግቢያው በኩል 1.05 ሜትር፣ በማፍሰሻው በኩል 1.15 ሜትር ይደረጋል። በዚህ ዓይነት ወለሉ በ5 ሜትር ርዝመት 10 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ገንዳው ሲጎድል ውኃውና ዓሣው ወደ አንድ ጫፍ የሚሰበሰቡት በዚህ ተዳፋት ነው።

የጉድጓዱ ወለል በደንብ ይደቀደቃል። ግንቡ በጠንካራው መሬት ላይ አርፎ በ1 እጅ ሲሚንቶና በ4 እጅ አሸዋ ድብልቅ ይገነባል። ግንበኛው በየደረጃው በቱንቢና በውኃ ልክ ማስተካከል ይኖርበታል። በድንጋዮቹ መካከል ባዶ ቦታ እንዳይቀር ድብልቁ እየተጠቀጠቀ ይሞላል። የግንቡ አናት ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ይህ የጎርፍ ውኃና እንቁራሪት እንዳይገባ ይረዳል። ሕፃናትን ለመከላከል ግን በቂ ስላልሆነ በገንዳው ዙሪያ አጥር ማጠር የሥራው አንድ ክፍል ሆኖ መታቀድ አለበት።

ወለሉ ከመሞላቱ በፊት የማፍሰሻው ቧንቧ ይቀበራል። በገንዳው ውስጥ ያለው ጫፉ ጎሚቶ በሚባለው የማዕዘን መገጣጠሚያ ወደ ላይ ታጥፎ ሌላ ቁራጭ ቧንቧ ይሰካበታል። የተሰካው ቁራጭ ቁመት የውኃውን ልክ ይወስናል። ትርፍ ውኃ በአናቱ ገብቶ ይፈሳል። ቁራጩ ሲነቀል ገንዳው ይጎድላል። አናቱ በጥቅጥቅ ወንፊት መሸፈን አለበት፤ አለዚያ ጫጩቱ ከውኃው ጋር ይሄዳል።

ከዚያም 15 ሳንቲ ሜትር ድንጋይ በወለሉ ላይ ተደርድሮ፣ በላዩ 10 ሳንቲ ሜትር ኮንክሪት ይፈሳል። የኮንክሪቱ ድብልቅ 1 እጅ ሲሚንቶ፣ 2 እጅ አሸዋና 4 እጅ ጠጠር ነው። ኮንክሪቱ በአንድ ቀን ተጀምሮ በዚያው ቀን ቢያልቅ ይመረጣል። ትናንት የደረቀና ዛሬ የተጨመረ ኮንክሪት የሚገናኙበት መስመር ውኃ ማሳለፊያ ይሆናል።

በመጨረሻ ግድግዳውና ወለሉ በ1 እጅ ሲሚንቶና በ3 እጅ በተነፋ አሸዋ 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይለሰናል። ልስኑ በሁለት ጊዜ መሆን አለበት። የመጀመሪያው ሻካራ ሆኖ ይተዋል፤ ሁለተኛው በላዩ ተለስኖ ይታሻል። ግድግዳው ከወለሉ ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን ላይ ልስኑ ክብ ተደርጎ ይሞላል። ብዙ ጊዜ ገንዳ ማሰረግ የሚጀምረው ከዚህ ማዕዘን ነው። አሸዋው ጭቃ ካለበት ልስኑ ስለሚሰነጠቅ፣ አሸዋ በእጅ ታሽቶ መዳፍን የሚያቆሽሽ ከሆነ መታጠብ አለበት።

ለጠቅላላው ሥራ 50 ኪሎ ግራም የሚይዝ ሲሚንቶ 40 ከረጢት ገደማ፣ አሸዋ 4.5 ሜትር ኩብ፣ ጠጠር 2 ሜትር ኩብና ድንጋይ 10 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል። ድንጋይና አሸዋ በአባላት ጉልበት ከተሰበሰበ በጥሬ ገንዘብ የሚገዛው በዋናነት ሲሚንቶውና ቧንቧው ይሆናል።

5. ሲሚንቶውን ማጠንከርና ማጠብ

ይህ ክፍል ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነው። ሲሚንቶ የሚጠነክረው በመድረቅ ሳይሆን ከውኃ ጋር በመዋሃድ ነው። ስለዚህ ልስኑ ካለቀ ማግሥት ጀምሮ ቢያንስ ለ7 ቀን ሳይደርቅ መቆየት አለበት። በቀን ሦስት ጊዜ ውኃ እያርከፈከፉ በኮባ ወይም በሙዝ ቅጠል መሸፈን በቂ ነው። ፀሐይ የመታው ልስን ፀጉር የመሰሉ ስንጥቆች ያወጣል።

የጠነከረ ሲሚንቶም ቢሆን ገና ለዓሣ አይሆንም። ሲሚንቶ ከውኃ ጋር ሲዋሃድ ኖራ ይፈጠራል። ይህ ኖራ ወደ ገንዳው ውኃ እየሟሟ አሲድነትን በሚለካው ፒኤች ልክ ከ11 በላይ ሊያደርሰው ይችላል። ለቆሮሶ የሚስማማው ከ6.5 እስከ 9 ያለው ነው። በ11 ላይ የዓሣው ስንጥብ ይቃጠልና ዓሣው በአጭር ጊዜ ይሞታል። ውኃው ግን ለዓይን ጥሩ ሆኖ ስለሚታይ የሞቱ ምክንያት በሽታ ወይም የጉዞ ድካም ይመስላል።

ነገሩ በእኛ አገር ብቻ የሚያጋጥም አይደለም። በውጭ አገር የባሕር ዓሣና ኮራል በመስታወት ገንዳ የሚያኖሩ ሰዎች ፎም ቀርጸው፣ በላዩ ሲሚንቶ ለስነው፣ ከገንዳው ጀርባ የሚቆም ሰው ሠራሽ ዓለት በቤታቸው ይሠራሉ። ዓለቱን ወዲያው ወደ ገንዳው አያስገቡትም፤ ለብዙ ሳምንታት ውኃ እየለወጡ ይዘፈዝፉታል። ፎሙን ራሱን ግን ለእኛ ገንዳ አንመክርም። አንድ ሊትር ስፋት ያለው ፎም ወደ አንድ ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ወደ ላይ ስለሚገፋ በጥብቅ ካልተጣበቀ ይንሳፈፋል። ሲፈረፈርም ዓሣው ፍርፋሪውን እንደ መኖ ይውጠዋል። በአካባቢያችን ድንጋይና ቀርከሃ ስላለ ፎም አያስፈልግም።

አስተጣጠቡ እንደሚከተለው ነው። ልስኑ 7 ቀን ከጠነከረ በኋላ ገንዳው እስከ አፉ በውኃ ይሞላና 5 ቀን ይቆያል። ከዚያ ተደፍቶ ግድግዳው በጠንካራ ቡሩሽ ይፈተጋል። ይህ ሦስት ጊዜ ይደጋገማል። የሚደፋው ውኃ ወደ ጅረት ወይም ወደ ቡና ችግኝ ጣቢያ መለቀቅ የለበትም። በአራተኛው ሙሌት የደረቀ ፍግና የተከታተፈ የሙዝ ግንድ ተጨምሮ ለሁለት ሳምንት ይተዋል። ይህ ሲበሰብስ የሚወጣው የካርቦን አየር የቀረውን ኖራ ያበርደዋል። በእስያ አንዳንድ አገሮች ዓሣ አርቢዎች አዲስ የሲሚንቶ ገንዳን በሙዝ ግንድ ማብረድ የታወቀ ልማዳቸው ነው። ግንዱ ከበሰበሰ በኋላ ተጠርጎ ይወጣል፤ ውኃውም ይለወጣል።

የፒኤች መለኪያ ወረቀት ካለ ውኃው ከ9 በታች መሆኑ ይረጋገጣል። ወረቀት ኖረም አልኖረም የመጨረሻው ፈታኝ ዓሣው ራሱ ነው። ከአካባቢው ጅረት የተያዙ ዐሥር ትንንሽ ዓሦች ቀዳዳ ባለው ቅርጫት ተደርገው ለሁለት ቀን በገንዳው ይቀመጣሉ። ሁሉም ከነፍጥነታቸው ካሉ ገንዳው ዝግጁ ነው። ከሰበታ የመጣውን ዓሣ መፈተኛ ማድረግ አይገባም።

በዚሁ ጊዜ ገንዳው ማሰረግ አለማሰረጉ ይታወቃል። በውኃ የተሞላ ባልዲ ከገንዳው አጠገብ ፀሐይ ላይ ይቀመጥና የሁለቱም ልክ ይመለከታል። ከሦስት ቀን በኋላ ሁለቱም እኩል ከጎደሉ የወሰደው ፀሐይ ነው። የገንዳው ጉድለት ከባልዲው ከበለጠ ግን ስንጥቅ መፈለግ ያስፈልጋል።

6. የጫጩት መጠለያ

እናቲቱ ቆሮሶ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች። ጫጩቶቹ ራሳቸውን እስኪችሉ ድረስ ሁለት ሳምንት ገደማ በአፏ ትጠብቃቸዋለች። ከዚያ በኋላ ግን የሚጠብቃቸው የለም። ትልልቆቹ ዓሦችና ቀድመው የተወለዱት ጫጩቶች ትንንሾቹን ይበላሉ። ወፍም ከላይ ይለቅማል። ግድግዳው ልሙጥ በሆነ ባዶ ገንዳ ውስጥ ጫጩት የሚሸሸግበት ቦታ የለውም።

ስለዚህ ጥልቀቱ ባነሰው በመግቢያው በኩል ብቻ፣ ከግድግዳው ተጠግቶ፣ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የድንጋይ ካብ ይደረደራል። ካቡ በሲሚንቶ መያያዝ የለበትም። በድንጋዮቹ መካከል ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ከተተወ ጫጩት ይገባበታል፤ እናትና አባት አይገቡበትም። በካቡ ላይ ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው፣ ሁለቱም አፋቸው ክፍት የሆነ የቀርከሃ ቁርጥራጮች ታስረው ይቀመጣሉ። ቀርከሃው አስቀድሞ በሌላ ውኃ ሁለት ሳምንት ካልተዘፈዘፈ የገንዳውን ውኃ ያበላሻል። የእንሰት ቃጫ እስርም በውኃው ላይ ቢንጠለጠል ጫጩት ይወደዋል፤ መበስበስ ሲጀምር ግን መለወጥ አለበት።

የማፍሰሻው ወገን ባዶ መሆን አለበት። መጠለያ በየቦታው ከተበተነ መረብ መጎተት አይቻልም። በገንዳው አጋማሽ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የታጠበ አሸዋ ቢነጠፍ ወንዱ ጎጆውን ይሠራበታል።

7. ዓሣውን ማስገባትና መንከባከብ

ለዚህ ገንዳ 5 ወንድና 15 ሴት የመራቢያ ዓሦች ይበቃሉ። ሲመጡ ከረጢቱ ሳይፈታ ለ20 ደቂቃ በገንዳው ላይ ይንሳፈፋል። ከዚያ የገንዳው ውኃ ቀስ በቀስ ተጨምሮበት ዓሣው በራሱ እንዲወጣ ይደረጋል። ድንገተኛ የሙቀት ለውጥ ዓሣ ይጎዳል።

ውኃው ቀለል ያለ አረንጓዴ መሆን አለበት። ይህ ለጫጩቱ የመጀመሪያ ምግብ ነው። የደረቀ የዶሮ ፍግ በሳምንት አንድ ኪሎ ግራም ገደማ በጆንያ ታስሮ በማዕዘን ይንጠለጠላል። ክንድ እስከ ክርን ሲጠልቅ መዳፍ የማይታይ ከሆነ ፍጉ ይቁም። ጧት ጧት ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አየር የሚጎርሱ ከሆነ ኦክሲጅን አንሷልና ንጹሕ ውኃ መጨመር ያስፈልጋል። የኑግ ፋጉሎና የበቆሎ ፉርሽካ ደቆ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በሩብ ሰዓት ውስጥ ተበልቶ የሚያልቀውን ያህል ብቻ ይሰጣል።

የመራቢያ ዓሦቹ ከገቡ ከሦስት ሳምንት ገደማ ጀምሮ ጫጩቶች በገንዳው ዳር በመንጋ ይታያሉ። በጥቅጥቅ መረብ እየተያዙ ወደ ሌላ ትንሽ ኩሬ ይዛወራሉ። እዚህ ላይ አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለ። ለወባ መከላከያ የተሰጠ አጎበር ለዚህ ሥራ ፈጽሞ መዋል የለበትም። አጎበሩ የተነከረበት መድኃኒት ለዓሣ እጅግ መርዛም ነው፤ በዚያ ላይ አጎበሩ የሚያስፈልገው ለሰው ነው። በገንዳው ዳር ሣር ካልበቀለ ዓሦቹ የትንኝ እጭ ስለሚበሉ ገንዳው የወባ መራቢያ አይሆንም።

አንዲት ከ150 እስከ 200 ግራም የምትመዝን እናት በአንድ ጊዜ ጥቂት መቶ ጫጩቶች ታወጣለች። 100 ካሬ ሜትር ኩሬ ላለው አባል በካሬ ሜትር 2 ታስቦ 200 ጫጩት ይበቃዋል። ስለዚህ አንድ ገንዳ በደንብ ከተያዘ ለብዙ አባላት ይደርሳል።

8. ማጠቃለያ

የልማት ሠራተኛው ለማኅበሩ ሊያስገነዝበው የሚገባ ዋና ነገር ትዕግሥት ነው። ልስኑ ካለቀበት ቀን አንሥቶ ዓሣ እስከሚገባበት ቀን ድረስ ስድስት ሳምንት ገደማ ያልፋል። ግንቡ አምሮ ቆሞ ሲታይ ይህን ያህል መጠበቅ የጊዜ ማባከን ይመስላል። ነገር ግን ዓሣ የሚታዘዘው ሲሚንቶው ከመታጠቡ በፊት ከሆነ ከሩቅ የመጣው ዓሣ በአንድ ሌሊት ያልቃል፤ አባላትም ዳግመኛ ለማዋጣት ፈቃደኛ አይሆኑም። ስለዚህ የመራቢያ ዓሣ የሚታዘዘው የመፈተኛው ዓሣ ሁለት ቀን በሕይወት ከቆየ በኋላ ብቻ ይሁን።

ማኅበሩ ገንዳውን የሚከታተል አንድ ኃላፊ መርጦ፣ ፍግና መኖ የተጨመረበትን ቀን፣ የተያዘውን ጫጩት ብዛትና ለማን እንደተሰጠ በመዝገብ ማስፈር ይኖርበታል። መዝገቡ ክፍፍሉን ለአባላት ሁሉ ግልጽ ያደርጋል፤ ለሚቀጥለው ዓመት ዕቅድም መነሻ ይሆናል።